ሀገር አይከሰስም

«ጋሼ፣ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

ከፒያሳ ወርዶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ተሻግሮ ወደ መርካቶ የዘለቀ ገዢ ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይመለስም። ጥያቄው በትሕትና ነው የሚቀርበው። መልሱም የታወቀ ነው። «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ይባላል፤ ዋጋው ይወርዳል፤ ዕቃው በጥቁር ፌስታል ይጠቀለላል፤ ሻጭና ገዢ ተመራርቀው ይለያያሉ። የተጎዳ ካለ መንግሥት ነው። መንግሥት ደግሞ «ምን ይጎድልበታል?» የሚባል ባለጸጋ ዘመዳችን ነው።

ስለ መንግሥት ገቢ የሚጽፉ ብዙዎች ስላሉ ያንን ለእነሱ እተዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በ1,000 ብር ዕቃ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነውና 150 ብር ተረፈልን እንበል። በዚያች 150 ብር ምን ሸጥን? መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ላስረዳ፤ የሸጥነው የተከሳሻችንን አድራሻ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት ለቤቷ ዲቫይደር ገዛች እንበል፤ ያ አንዱን ሶኬት አምስት የሚያደርገው ነገር። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሌሊት ውስጡ ግሎ ይቀጣጠላል። መጋረጃው ይነዳል፣ ቴሌቪዥኑ ይቀልጣል፣ እሳቱን ሊያጠፋ የተነሣው ልጇ እጁ ይቃጠላል። በማግስቱ ወደ ሱቁ ትሄዳለች። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። «እናቴ፣ እግዜር ያውቃል አዝኛለሁ፤ ግን እኔ ምን ላድርግ? እኔም ከጅምላ ነው ያነሣሁት። የቻይና ነው» ይላታል። እሷም በመንገዷ ለጎረቤቷ ስታወራ «ምን ይደረጋል፣ የቻይና ነው» ትላለች። ጉዳዩ በዚህ ይዘጋል። ክስ የለም፣ ምርመራ የለም፣ ይግባኝ የለም፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቷል።

ዘመኑን ሥነ ጽሑፍ በማስተማር የጨረሰ ሰው ቃል ሲያገኝ ማገላበጥ ልማዱ ነው። «የቻይና ነው» የሚለው ሐረግ በአፋችን ሦስት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ቅጽል ሆኖ «ደካማ ነው» ይላል። ቀጥሎ ሰበብ ሆኖ «እኔን አትጠይቁኝ» ይላል። በመጨረሻም ዳኛ ሆኖ መዝገቡን ይዘጋል። «የጃፓን ነው» ስንልም ያው ነው፤ ምስጋናውም ወቀሳውም ለሀገር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያችው ቻይና ዓለም የሚሻማባቸው ውድ ስልኮችም ይገጣጠማሉ። በጎውንም ክፉውንም የሠራው አንድ ፋብሪካ ነው፤ ስም ያለው፣ ባለቤት ያለው፣ በር ያለው ፋብሪካ። ሀገር አይከሰስም፤ የሚከሰሰው ስም ነው። ስሙን ትተን ሀገሩን በያዝን ቁጥር ጥፋተኛው በቢሊዮን ሕዝብ መካከል ይሰወራል።

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር ብል የድሮ ናፋቂ አትበሉኝ። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ያ ቋጠሮ ዛሬ ቢያስቀንም በውስጡ ትልቅ የሕግ ሐሳብ አለ፤ ተከሳሽ ከሌለ ፍርድ የለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየውን ያዝ። ሰውየው ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንስ? ለዚያም መላ ነበረው። ከማያውቀው ሰው በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ገበሬ «ዋስ ጥራ» ይላል። ሻጩ ነገ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ዋሱ ግን እዚሁ ይቀራል። በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ የሚያዘው ዋሱ ነው፤ ዋሱ ደግሞ ሻጩን የት እንደሚያገኘው ያውቃል። ድልድዩ ስማቸውን የተሸከመላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በቅጽል ስማቸው አባ መላ፣ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ ሕዝቡ ዛሬም ድረስ የሚያወራላቸው ግን ከጦራቸው ይልቅ ፍርዳቸውን ነው። በእሳቸው ስም በሚጠራው ድልድይ ላይ በየቀኑ ዋስ የሌለው ሸቀጥ ሲተላለፍ ማየት ትንሽ ያስተዛዝባል።

ይህ «ሩቅ ያለውን አምራች የት ልያዘው?» የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ሃምሳ ግዛት ያላቸው በመሆኑ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከራክረውበታል። የፎርድን ጉዳይ እንውሰድ። በሞንታና ግዛት አንዲት ሴት የምትነዳው የፎርድ ኤክስፕሎረር ጎማ ተልጦ መኪናው ይገለበጣል፤ ሴትዮዋ ትሞታለች። ቤተሰቧ ሞንታና ውስጥ ክስ ሲመሠርት ፎርድ እንዲህ ብሎ ተከራከረ፤ «ይህች መኪና የተገጣጠመችው በኬንታኪ፣ መጀመሪያ የተሸጠችው በዋሽንግተን ግዛት ነው፤ ሞንታና ያደረሷት በኋላ የገዟት ሰዎች ናቸው፤ እኔን እዚህ ምን አመጣኝ?» ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2021 ስምንቱም ዳኞች በፎርድ ላይ ፈረዱ። ምክንያታቸው ጤነኛ ነው። አንተ በዚህ ግዛት ያንኑ ዓይነት መኪና ታስተዋውቃለህ፣ ትሸጣለህ፣ ትጠግናለህ፤ ገበያውን ፈልገህ ከመጣህ ፍርድ ቤቱንም ተቀበል፤ ያቺ አንዷ መኪና በየትኛው በር ገባች የሚለው አያድንህም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይፈረድም። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በኒው ጀርሲ በእንግሊዝ በተሠራ የብረት መቁረጫ ማሽን አራት ጣቶቹን ያጣ የአንድ ሠራተኛ ጉዳይ ተወስኖ ነበር። አምራቹ ማሽኑን አሜሪካ ያስገባው ኦሃዮ ባለ አከፋፋይ በኩል ነው። አከፋፋዩ ከስሯል። አምራቹ ደግሞ «እኔ ኒው ጀርሲን ፈልጌ አልሄድኩም» አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። ሰውየው በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና ጣቶቹን ባጣበት ግዛት አምራቹን መክሰስ አይችልም ተባለ። የመርካቶ ሰው ይህን ታሪክ ቢሰማ አይገርመውም። አከፋፋዩ ጠፍቶ፣ አምራቹ «አላውቃችሁም» ብሎ፣ ተጎጂው መሀል ላይ መቅረቱን በየቀኑ ያየዋል።

እኛም ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን በሐዘን ነው የተማርነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ገድሏል። የሁለቱም ጦስ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ በሚመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ አውቶማቲክ ሥርዓት ነበር።

የሟች ቤተሰቦች የት ይክሰሱ? አደጋው የደረሰው ቢሾፍቱ ነው። አውሮፕላኑ የተገጣጠመው በዋሽንግተን ግዛት ነው። ኩባንያው የተመዘገበው በደላዌር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን በዚያን ጊዜ ቺካጎ ነበር፤ ወደ ቨርጂኒያ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በአሜሪካ ሕግ ኩባንያ እንደ ሰው «ቤት» አለው፤ የተመዘገበበትና ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት። በቤቱ በር ላይ ለማንኛውም ጉዳይ ሊከሰስ ይችላል። ቤተሰቦቹም ቺካጎ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ።

ይሁንና በሩ ተከፈተ ማለት ገቡ ማለት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 ስኮትላንድ ውስጥ በወደቀች አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን የሞቱ ሰዎች ጉዳይ ለአሜሪካ ቀርቦ ነበር። አውሮፕላኗ የተሠራችው በፔንሲልቬንያ፣ ፕሮፔለሯ በኦሃዮ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 «ሟቾቹ የስኮትላንድ ሰዎች፣ አደጋውም እዚያ ነው፤ እዚያው ሂዱ» አለ። የስኮትላንድ ሕግ ለከሳሾቹ የማይመች መሆኑ ብቻውን ምክንያት አይሆንም ተባለ። ቦይንግም ይህን መንገድ ይዞ «ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ይሂድ» ሊል ይችል ነበር። በሩን ለይቶ ክፍት ያደረገው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ኩባንያው ከከሳሾች ጋር የደረሰበት ስምምነት ነው። ኩባንያው ለአደጋው ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ የውጭ አገር ሰዎችም ጉዳያቸው በአሜሪካ እንዲታይ ተስማማ። ከሳሾች በበኩላቸው የቅጣት ካሳ ላለመጠየቅ ተስማሙ። ብዙዎቹ ጉዳዮች በስምምነት አለቁ። በዳኞች ሸንጎ ፊት ቀርቦ የመጀመሪያውን ውሳኔ ያገኘው ጉዳይ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስፈርዷል። ገንዘብ ሰው አይመልስም። ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ቃል ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ አፍ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ከአውሮፕላኑ ወደ ዲቫይደሩ ልመለስ። «አውሮፕላንና ዲቫይደር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። የሚያገናኛቸው በሰው ላይ ያደረሱት እሳት ነው፤ የሚለያቸው ደግሞ ወረቀት ነው። ያ አውሮፕላን የምዝገባ ምልክት ነበረው፤ ተከታታይ ቁጥር ነበረው፤ ማን ሠራው፣ መቼ ተረከብነው፣ ማን ጠገነው የሚለው ሁሉ በመዝገብ ሰፍሯል። ስለዚህ ክርክሩ «የት እንክሰስ?» ነበር እንጂ «ማንን እንክሰስ?» አልነበረም። ዲቫይደሩ ግን ከጥቁር ፌስታል በቀር ምንም የለውም። የአውሮፕላኑ ከሳሾች ከቺካጎ ደርሰዋል፤ የዲቫይደሯ ከሳሽ ከድልድዩ ማዶ መድረስ አልቻለችም።

ሕግ ስለሌለን ነው? አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ እንዲከስ ይፈቅዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቃጠለ እጅ አዲስ አበባ መከሰሻ ቦታ አለው። ችግሩ ከፍርዱ በኋላ ነው። እዚህ የተፈረደበት ፋብሪካ ንብረቱ ውቅያኖስ ማዶ ነው፤ የእኛ ፍርድ ሌላ አገር እንዲፈጸም የዚያ አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከቻይና ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈረመና በ2018 ሥራ ላይ የዋለ በፍትሐ ብሔርና በንግድ ጉዳዮች የመተባበር ስምምነት አለን፤ አንዱ የፈረደውን ሌላው እንዲያስፈጽም መንገድ ይከፍታል። መልካም ነው። ግን የዲቫይደሯ እናት ጠበቃ ይዛ፣ ሰነድ አስተርጉማ ቻይና ትሄዳለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ ቀልደኛ ነው።

ደግነቱ ሕጋችን አጠር ያለ መንገድም አበጅቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው ጀምሮ እስከ ቸርቻሪው ድረስ በአቅርቦቱ የተሳተፉትን በአንድነት ወይም በተናጠል መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚቻልም ጽፏል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በየሱቁ ግድግዳ የተለጠፈው ወረቀት አዋጅ አይሽርም። እንግዲህ ይህ አዋጅ የድሮው «ዋስ ጥራ» ነው በሉት። ዋሱ አስመጪው ነው። የፋብሪካውን ስም የሚያውቀው እሱ ነው፤ ኢንቮይሱ፣ የባንኩ ኤልሲ፣ የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን ያለው በእሱ እጅ ነው። ከፍሎ ካሳ የሰጠ አስመጪ ለሚቀጥለው ኮንቴይነር የተሻለ ገመድ ያዛል። ፋብሪካውን ከዚህ ሆኖ የሚያርመው እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ እናትየዋ አስመጪው ጋ በምን ትደርሳለች? በባለሱቁ ደረሰኝ። ባለሱቁስ? በጅምላ አከፋፋዩ ደረሰኝ። አከፋፋዩስ? በአስመጪው። ሰንሰለት ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ቀለበት ከወለቀ የቀረው ሁሉ ገመድ የሌለው ባልዲ ነው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር እናስታውሳለን። የገቢ ሰዎች «ታክስ ተሰወረብን» አሉ። ቸርቻሪዎች «አስመጪውና ጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ሳይሰጠን እኛ ከየት እናምጣ?» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በዚያ ሁሉ ሙግት ግን አንድም ቀን ስሙ ያልተነሣ ሦስተኛ ወገን ነበር፤ ገዢው። ደረሰኝ የመንግሥት መሰብሰቢያ ወረቀት ብቻ ተደርጎ ስለተወራ፣ ሕዝቡ መንግሥትን በመቀየም ደረሰኝን ጠላ። የገዛ ልጁ እጅ ማስረጃ መሆኑን ማንም አልነገረው። ይህን የምለው መንግሥትን ለመውቀስ ነው፤ ለሃያ ዓመታት «ደረሰኝ ጠይቁ» ሲለን ለእሱ ብለን እንድንጠይቅ እንጂ ለራሳችን ብለን እንድንጠይቅ አላስተማረንም።

ቸርቻሪውም ቢያስብበት ደረሰኝ ጠላቱ አይደለም። ከአከፋፋዩ ደረሰኝ የያዘ ባለሱቅ ሲከሰስ «እኔ ከእገሌ ገዛሁ» ብሎ ነገሩን ወደ ላይ ያሳልፋል። በኮንትሮባንድ የገባ፣ ወረቀት የሌለው ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ ግን የሰንሰለቱ መጨረሻ እሱ ራሱ ነው። አስመጪም አምራችም ዋስም እሱ ይሆናል። 150 ብር ቀንሶ የፋብሪካን ዕዳ መሸከም ምን የሚሉት ንግድ ነው?

«ድሃ ምን ያድርግ? 150 ብር እኮ የአንድ ቀን ምሳ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ይህን ለመናቅ አልደፍርም። ነገር ግን ደካማው ዕቃ የሚሸጠው ለማን ነው? ያለው ሰው ቤቱ ባለሙያ ያስገባል፤ የታወቀ ምርት ከነዋስትናው ይገዛል። የሚቃጠለው ዕቃ የሚደርሰው ለድሃው ነው፤ ስለዚህ የተከሳሽ አድራሻ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። «ፍርድ ቤት ሄዶ ምን ሊገኝ? ዓመት ያመላልሳል» የሚልም አለ። ይህም እውነት አለው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ሕጉ የሰጠው የክስ ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑም አይረሳ። ሆኖም ማንም የማይከሰስበት ገበያ ፍርድ ቤቱን በምን ያርመዋል? ለትንንሽ የሸማች ጉዳዮች ቶሎ የሚፈርድ ችሎት መጠየቅ የሚቻለው ጉዳዩ ሲበዛ ነው።

የምለው ብዙ አይደለም። ቁጥጥሩ ከላይ ይጀምር፤ ከአስመጪውና ከጅምላ አከፋፋዩ። ቸርቻሪውን ማሳደድ ቅርንጫፉን ይዞ ግንዱን መተው ነው። በኤሌክትሪክ ዕቃ፣ በጋዝ ምድጃ፣ በመኪና ፍሬን፣ በሕፃን ጡጦ ላይ የአስመጪው ስምና አድራሻ በሚነበብ አማርኛ ይጻፍ። እኛ ገዢዎች ደግሞ «ከየት አገር ነው?» ከማለታችን በፊት «ማን አስመጣው?» ማለት እንልመድ። ሁለተኛው ጥያቄ ለባለሱቁ ግር ይለው ይሆናል፤ ሳቅም ይል ይሆናል። በብዙ ሰው አፍ ሲደጋገም ግን እሱም በተራው ጅምላ ሻጩን ይጠይቃል፤ ጅምላ ሻጩም አስመጪውን።